ከቦርከና እስከ ሐዳር፦ የወንዝ ኤሊዎች ረጅም ዘመን

ከደሴ በላይ የቆመው የጦሳ ተራራ ድንጋይ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከምድር ሆድ ፈልቶ የወጣ ቅልጥ ዐለት በንብርብር እየረጋ የሠራው ነው፤ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋም አብዛኛው የዚያው ዘመን እሳት ያቆመው ነው። ኤሊ ግን ከዚህ ድንጋይ በብዙ እጥፍ ትቀድማለች። ቅርፊት የለበሱ ኤሊዎች ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ነበሩ፤ ያኔ ደጋው አልተነሣም፣ ስምጥ ሸለቆው አልተሰነጠቀም፣ ቀይ ባሕር የሚባል ውሃም አልነበረም።

የምተርከው በሞቃት አገር ወንዞች የኖሩትንና ዛሬም ያሉትን ኤሊዎች ታሪክ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴ ላይ የዘነበውን ዝናብ ቦርከና ይቀበለዋል፤ በዶሮ መዝለያ ገደል በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን ያልፋል፤ ጨፋ ላይ ተንጣሎ ረግረግ ይሠራል፤ ከዚያ ከሚሴን ተሻግሮ አዋሽ ይገባል። ከደሴ ሰሜን፣ ከሐይቅ ከተማ አካባቢ ደጋ የሚነሣው ሚሌ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ወደ አፋር ይወርድና እርሱም ከአዋሽ ይገናኛል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሁለቱ የወሎ ወንዞች የሚወርዱበት ይህ ቆላ የሰው ልጅ ጥንታዊ ቅሪቶች በብዛት የተገኙበት አገር ነው። ከሰው አጥንት ጋር አብሮ የወጣውን የኤሊ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ታሪኩ ሩቅ ይጀምራል። አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ማዳጋስካር፣ ህንድና አውስትራሊያ በአንድ ታላቅ አህጉር ተያይዘው በነበሩበት ዘመን ኤሊዎች በሁለት ትልልቅ ወገኖች ተከፈሉ። አንደኛው ወገን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ወደ ቅርፊቱ ይስባል። ሁለተኛው፣ ዶሮ ራሷን ክንፏ ሥር እንደምትከት፣ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸሽጋል። የደቡቡ ዓለም ወንዞች የዚህ የሁለተኛው፣ የጎን አንገተኛው ወገን ርስት ሆኑ። ታላቁ አህጉር ሲበጣጠስም ኤሊዎቹ አብረው ተበተኑ።

ከጎን አንገተኞቹ ሁለት ቤተሰቦች ለዚህ ትረካ ያስፈልጉናል። የመጀመሪያው ሊቃውንት ፖዶክኔሚዲዴ የሚሉት የታላላቅ ወንዞች ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ፔሎሜዱሲዴ የሚባለው፣ አብዛኛው አባሉ ትንንሽና የጭቃ ኑሮ የለመደው ነው። የአንደኛው ዕጣ መግነንና ከአፍሪካ ምድር መጥፋት ሆነ፤ የሁለተኛው ዕጣ ዝቅ ብሎ መኖርና መትረፍ።

ታላላቆቹ በእርግጥም ታላላቅ ነበሩ። የጦሳ ድንጋይ ከመፍሰሱ ትንሽ ቀደም ብሎና በዚያው ዘመን፣ ዛሬ በግብፅ ፋዩም በሚባለው በረሃ ሰፊ ወንዝና ረግረግ ነበር። በዚያ ከኖሩት አንዱን እንግሊዛዊው ቻርልስ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1901 ስቴሬዮጄኒስ ብሎ ሰይሞታል፤ ላንቃው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ ምግብ ለመፍጨት የተሠራ ነበር። የዚሁ ቤተሰብ ወገኖች በአውሮፓም በእስያም፣ እስከ በርማ ድረስ ቅሪታቸው ተገኝቷል። ከሁሉ የገነነው ግን በደቡብ አሜሪካ የኖረው ስቱፔንዴሚስ ነው። የቅርፊቱ ርዝመት 2 ሜትር ከ40 ደርሷል፤ ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ እንደሚያልፍ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ወንዶቹ ከአንገታቸው ግራና ቀኝ በቅርፊቱ ጠርዝ ላይ ቀንድ መሰል ጉጥ ነበራቸው። ከዚያ የሚበልጥ የጨው አልባ ውሃ ኤሊ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በአፍሪካ በኩል ሌላ እንግዳ መጣ። ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ አፍሪካና ዐረብ ምድር ከእስያ ጋር በየብስ ሲገናኙ፣ ዝሆኖች ወደዚያ ሲሻገሩ ከወዲያ ደግሞ ሌሎች እንስሳት ገቡ። ከገቡት አንዱ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ነው። ይህ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ከሚስበው ወገን ነው፤ ጀርባው የቀንድ ሽፋን የለውም፣ ቆዳ ለብሷል፤ አፍንጫው ሹል ቱቦ ነው። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያደባል፤ በፍጥነት ይዋኛል፤ ውሃ ውስጥ ሳለም በቆዳውና በጉሮሮው በኩል ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ለጥልቅና ለማይነጥፍ ወንዝ ከዚህ የተሻለ አዳኝ ማሰብ ይከብዳል።

በዚህ መካከል የእኛ አገር መሬት እየተቀደደ ነበር። የወሎ ደጋ ጠርዝ ወደ ምሥራቅ ተገምሶ አፋር ዝቅ አለ፤ በደቡብ ደግሞ የኦሞና የቱርካና ገንዳ ተከፈተ። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ሁሉ በእነዚህ ጎድጓዶች ተከማችቶ ሐይቅና ወንዝ ሠራ፤ ደለሉ ደግሞ የሞተውን ሁሉ እየሸፈነ አስቀመጠ። በቱርካና ምዕራብ፣ ሎታጋም በሚባለው ኮረብታ፣ ከሰባት እስከ አምስት ሚሊዮን ዓመት ባለው ዘመን ከታላላቆቹ ቤተሰብ ቱርካኔሚስ የተባለው ይኖር ነበር። ከእርሱ በኋላ በዚያው ገንዳ ኬንየሚስ የተባለ ዘመዱ ተከተለ። ኬንየሚስን እ.ኤ.አ. በ1983፣ ቱርካኔሚስን ደግሞ በ2003 የሰየማቸው አሜሪካዊው ሮጀር ውድ ነው፤ ስቱፔንዴሚስንም እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ያስተዋወቀው እርሱው ነው። ለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎችም ያኔ ከዛሬው በዓይነት የተለያዩ ነበሩ፤ ዛሬ ከኮንጎ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ወንዞች ብቻ የሚገኘው የሳይክሎደርማ ወገን በቱርካና ደለል ውስጥ ቅሪቱ አለ።

ወደ ወሎ ቁልቁለት እንመለስ። ከ3.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ ወራንሶ ሚሌ በሚባለው ቦታ፣ አንድ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባ ነበር። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን በ2008 ዓ.ም. እዚያ ያገኘው የራስ ቅል፣ የሉሲ ወገን ቀዳሚ የሆነው የአውስትራሎፒቴከስ አናሜንሲስ ፊት ነው። አካባቢውን ያጠኑት ሊቃውንት ወንዙ ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። ይህን ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው የዛሬው ሚሌ ነው፤ ከሐይቅና ከአምባሰል በኩል ደለል ተሸክሞ የሚወርደው ያው ወራጅ፣ አልጋውን ብቻ እየቀያየረ።

ከዚያ በኋላ በግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሐዳር መጣ። ዛሬ ሐዳር የደረቀ ሸንተረር ነው፤ በሉሲ ዘመን፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ሐይቅ፣ ሐይቁን የሚመግቡ ወንዞች፣ በወንዙ ዳር ዛፍ ነበረው። ከሉሲ አጥንቶች ጋር የተገኘው ነገር ይህን በግልጽ ይናገራል፦ የአዞ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍር፣ የኤሊ እንቁላል። ኤሊ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ አትጥልም፤ ከውሃው ወጥታ፣ ውሃ ሊያጥለቀልቀው የማይችል ለስላሳ አፈር መርጣ፣ በኋላ እግሯ ቆፍራ ቀብራ ትመለሳለች። ስለዚህ የኤሊ እንቁላል በተገኘበት ቦታ አጠገብ ውሃም ዳርቻም ነበረ ማለት ነው። ያቺ ትንሽ ሴት የወደቀችው ኤሊዎች ልጆቻቸውን በሚተክሉበት ዳርቻ አቅራቢያ ነበር።

የሰው ዘርና የኤሊ ግንኙነት በዚህ አልቆመም። ከሐዳር ቀጥሎ ባለው ጎና፣ ስለሺ ሰማው ያጠናቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከዚያ በኋላ፣ ከ1.95 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በቱርካና ምሥራቅ ዳርቻ የነበሩ ቀዳሚዎቻችን በእነዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ዓሣ፣ አዞና ኤሊ አርደው በልተዋል። የስለቱ ጭረት በአጥንቶቹ ላይ አለ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ኤሊ ሮጣ አታመልጥም፣ ሥጋዋም ለአንጎል ዕድገት የሚጠቅም ቅባት አለው። አድኖ የማያውቅ፣ ቀንድ ያለውን አውሬ የሚፈራ ፍጡር መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደ እርሷ ነው። ለሰው መሆናችን ከከፈሉት እንስሳት አንዷ ኤሊ ናት ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የታላላቆቹ ታሪክ ያጥራል። አየሩ በየጊዜው እየደረቀ፣ ሐይቆቹ እየሞሉና እየነጠፉ ሲሄዱ የቱርካኔሚስና የኬንየሚስ ቤተሰብ ከአፍሪካ ዋና ምድር ጨርሶ ጠፋ። ከጥንቱ ዓለም ሁሉ የቀረው አንድ ብቻ ነው፦ በማዳጋስካር ምዕራብ የሚኖረው ባለ ትልቅ ራስ ኤሊ፤ እርሱም ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግቧል። የተቀሩት ዘመዶቹ በአማዞንና በኦሪኖኮ ይዋኛሉ። ይህ ቤተሰብ ወንዝ ሲኖር ይነግሣል፤ ወንዙ ሲቆራረጥ ግን መሸሸጊያ አልነበረውም።

ድርቁ ምን ያህል እንደከፋ ለመገመት ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረውን ማስታወስ በቂ ነው፤ ያን ጊዜ ጣና ሐይቅ ጨርሶ ደርቆ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰማዩ ተመለሰ። ከ11,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናቡ በዛ፤ አቤ ሐይቅ ዛሬ ካለው በብዙ እጥፍ ሰፋ፤ ቱርካና ሞልቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ፈሰሰና በሶባት ገንዳ አድርጎ ከዓባይ ጋር ተገናኘ። የዓባይ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ዛሬ በአንድ በኩል በባሮ፣ በሌላ በኩል በኦሞና በቱርካና የሚገኘው ውሃዎቹ አንድ የነበሩበት ዘመን ስለነበረ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ቤተሰብ፣ ወደ ትንሿ እንመለስ። ፔሎሜዱሳ የተባለችው የጭቃ ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቷ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ 30 ያለፉም አሉ። ቡኒ ወይም የወይራ መልክ አላት፤ ጠፍጣፋ ናት፤ ከአገጯ ሥር ትንንሽ ጢም መሰል ሥጋ ተንጠልጥሏል። ሲያስፈራሯት ከጎኗ ካሉ እጢዎች የሚከረፋ ፈሳሽ ትለቃለች፤ ፈረስ እንኳ ሽታውን እንደሚጠላ ተጽፏል። ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፦ እንቁራሪት፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሣር፣ ጥንብ። ውሃ ሊጠጣ የወረደ ርግብ እግሩን ይዛ ስትጎትት ታይታለች፤ ጭቃ ውስጥ ከተኛ አውራሪስ ቆዳ ላይ መዥገር ስትለቅምም ታይታለች። ጫጩቶቿ ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑት እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት ነው።

ዋናው ጥበቧ ግን ሌላ ነው። ውሃው ሲነጥፍ አትሰደድም፤ ጭቃው ውስጥ ትገባለች። ጭቃው በላይዋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እርሷ ግን ትንፋሿንና የልቧን ምት ቀንሳ፣ ቅባቷን እየቆጠበች ለወራት ትተኛለች። ክረምቱ ሲጥል ተነሥታ በእርጥብ ሣር መካከል ወደ አዲስ ኩሬ ትጓዛለች። ለዚህ ነው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆና በምሥራቅ ቆላዎች፣ ዝናብ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በሚጎበኛቸው ቦታዎች፣ የከብት ማጠጫ ኩሬ ውስጥ ሳይቀር የምትገኘው። የቅርብ ዘመዷ ፔሉሲዮስ የሆድ ቅርፊቱን እንደ መዝጊያ ማጠፍ ይችላል፤ እርሷ ይህም የላትም። ግዙፎቹ ከጠፉ በኋላ የቀረችው ያለ ወንዝ መክረም የቻለችው ናት።

እነዚህ ኤሊዎች በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ የገቡት ቆይተው ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ግብፅና ዐረብ ምድር የላከው ቡድን አባል የነበረው ፔተር ፎርስኮል የዓባይን ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ አይቶ ጻፈ፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን በበሽታ ሞተ፤ ማስታወሻውን ከቡድኑ ብቻውን በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመለት። ኤሊው በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጥፍር ብቻ ስላለው ሳይንሳዊ ስሙ ከዚያ ወጣ።

ወደ እኛ አገር የመጣው ከፍራንክፈርት የተነሣው ኤድዋርድ ሩፐል ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 በምጽዋ ገባ፤ በትግራይና በሰሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ደረሰ፤ በ1833 ወጣ። ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ መንገዱ በየአጥቢያው ጌታ የሚዘጋና የሚከፈት ነበር። ያም ሆኖ ሩፐል የሰበሰበው ብዙ ነው፤ ዋልያን በሳይንስ ስም የሰየመው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው የኢትዮጵያ እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ ከምጽዋ አካባቢ የወሰዳትን የጭቃ ኤሊ ገሃፊ ብሎ መዘገባት። ለሳይንስ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የአገራችን አካባቢ የውሃ ኤሊዎች አንዷ እርሷ ናት። የሚያሳዝነው ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ገሃፊን እንደ ተራ አምሳያ ቆጥረው ከመላው አፍሪካ የጭቃ ኤሊ ጋር በአንድ ስም አጠቃለሏት፤ ለብዙ ትውልድም ስሟ በመደርደሪያ ላይ ተረሳ።

በቀጣዩ መቶ ዓመት ትኩረቱ ወደ ደቡብ ዞረ። ፈረንሳዊው ካሚል አራምቡር እ.ኤ.አ. በ1932 እና 1933 ኦሞ ወርዶ ቅሪተ አካል ሰበሰበ፤ ከሰበሰበው ውስጥ የፔሉሲዮስ ኤሊ ቅርፊትም ነበረበት፤ ውጤቱን ያሳተመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች በአንድነት ወደ ኦሞ ተመለሱ። በዚያው ዓመታት መጨረሻ ሞሪስ ታዬብ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር ወረደ፤ ቆይቶም ሐዳርን አገኘ።

እዚህ ላይ የኤሊው ታሪክ ከወሎ ታሪክ ጋር በመረረ መንገድ ይገናኛል። በዚያን ጊዜ አስተዳደር ሐዳር የወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበረ፤ ዋና ከተማው ደሴ። በ1965 ዓ.ም. ዝናቡ ቀርቶ ወሎ ተራበ። ገበሬው ከየቀበሌው ተነሥቶ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ ከቆላ ደግሞ ከብታቸው ያለቀባቸው አፋሮች መጡ። ደሴና ኮምቦልቻ በረኃብተኛ ተሞሉ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ መንግሥት የደበቀው ረኃብ ለዓለም ሲገለጥ፣ ሐዳር ላይ ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን የአንድ ጥንታዊ ፍጡር የጉልበት መገጣጠሚያ አነሣ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አስፋው መንጋጋዎችን አገኘ፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ሉሲ ተገኘች። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሆኖ ነበር።

በአንድ ጠቅላይ ግዛት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ሰው በውሃ እጦት ይሞት ነበር፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ የአዞና የኤሊ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍር ያወጣ ነበር። ያ ደረቅ ምድር አንድ ጊዜ ሐይቅ እንደነበረ የሚመሰክረው ማስረጃ ከረኃቡ ጋር አብሮ ወጣ። ዓለም የሉሲን አጥንት ዐወቀ፤ ከእርሷ ጋር የወጡትን የውሃ ምስክሮች ግን ከባለሙያው በቀር ብዙ ሰው አልጠየቀም። በእኔ ዘንድ እነዚያ እንቁላሎች ከአጥንቷ ባልተናነሰ ወሎን ይመለከታሉ፤ የዝናቡን መምጣትና መሄድ የሚናገሩ ናቸውና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሮጀር ቡር የቱርካና ሐይቅን ፔሉሲዮስ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ሰየመ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማልኮም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶችና ተሳቢ እንስሳት በአንድ ጥራዝ አወጡ፤ እስከ ዛሬ ይህን የሚያህል ሙሉ መዝገብ የለንም። ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በጀርመን ድሬስደን ያሉ ተመራማሪዎች ከየሙዚየሙ የተሰበሰቡ የጭቃ ኤሊዎችን ዲኤንኤ አነጻጽረው፣ አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ቢያንስ አሥር እንደሆነ አሳዩ። ስድስቱ አዲስ ስም ተሰጣቸው፤ አንዱ በሶማሌ ምድር ስም፣ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1901 በኢትዮጵያ በተጓዘው በኦስካር ኖይማን ስም፣ አንዱም ከቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ምዕራብ ዐረብ ምድር የሚኖረው ነው። ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ የሩፐል ገሃፊም ተመለሰች፤ ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና ታወቀች።

ሌላ ደስ የሚል ዜና ከጎረቤት መጣ። የኑቢያ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ለረጅም ዓመታት በሕይወት ሳይታይ ቆይቶ ጠፍቷል ተብሎ ተሰግቶለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የደቡብ ሱዳን ተመራማሪዎች ከጣሊያናዊው ሉካ ሉዊሴሊ ጋር በነጭ ዓባይ አገር በሕይወት እንዳለ አስታወቁ። አለ፤ ግን ዓሣ አጥማጆች ለሥጋው ይይዙታል፣ ቁጥሩም እጅግ ያነሰ ነው። የዓባይ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊም በግብፅ ዓባይ ላይ ከብዙ ቦታ ጠፍቷል።

በወሎ የኤሊ ሥጋ የሚበላ የለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካትም። ስለዚህ አደጋው ከመረብ አይመጣም። ከየት እንደሚመጣ ኮምቦልቻ ላይ ማየት ይቻላል። ከተማዋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፦ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ሥጋ ማቀነባበሪያ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። እንጀራ ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች ወደ ቦርከና በሚገቡት በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ክሮሚየምና ከብረታ ብረት ሥራ የሚወጣ ዚንክ በብዛት አግኝተዋል። ከላይ ደግሞ ደሴ ፍሳሿንና ቆሻሻዋን ለዚያው ቦርከና ታስረክባለች።

ከባድ ብረት ከውሃው ጋር አልፎ አይሄድም፤ ይዘቅጣል፣ ደለል ውስጥ ይቀመጣል። ከኮምቦልቻ በታች ውሃው የሚያርፈው ጨፋ ላይ ነው፤ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት የሚሰማራበት ሣርም እዚያው ጭቃ ላይ ይበቅላል። የጭቃ ኤሊ በድርቅ ላይ የነበራት መከላከያ ጭቃው ነበር። ታላላቆቹን ያጠፋውን የአየር ለውጥ ያሻገራት እርሱ ነው። መርዝ ያዘለ ጭቃ ግን ለወራት ተቀብራበት የምትተኛውን ፍጥረት አያድናትም፤ ከዚያው ሣር የሚግጠውን ላምና ወተቱን የሚጠጣውን ልጅም እንዲሁ።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፍሳሽን ሳያጣሩ ወደ ወንዝ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የጎደለው በየፋብሪካው ማጣሪያ ላይ የሚቆምና ውሃውን በየወሩ የሚለካ ሰው ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ የባዮሎጂና የውሃ ምህንድስና ተማሪዎችም አሉት። ከዶሮ መዝለያ እስከ ጨፋ ያለውን ወንዝ በየወቅቱ ተመላልሰው ውሃውን፣ ደለሉንና በውስጡ ያለውን ሕይወት ቢመዘግቡ ለከተሞቹም ለሳይንሱም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። የዲኤንኤ ጥናቱ የአፍሪካን የጭቃ ኤሊዎች አሥር ያደረገው ከየአካባቢው በተሰበሰበ ናሙና ነው፤ የወሎን ቁልቁለት ናሙና መስጠት የሚገባው የወሎ ሰው ነው።

ለአንባቢም አንድ ልመና አለኝ። በቦርከና ዳር፣ በጨፋ ሣር መካከል ወይም በሚሌ መንገድ ላይ ክረምት ሲገባ አንዲት ጠፍጣፋ ኤሊ ብትሻገር ያየ ሰው በስልኩ ፎቶ ያንሣት፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ፣ ለዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ክፍል ይስጥ። ልጆች በድንጋይ ቢመቷት ይከልክል። እርሷን ግን ወደ ቤት አይውሰዳት፤ ወደምትሄድበት ውሃ ትሂድ።